ማስተካከያ፦ የማገዶ ክምር እስከ መሬት አይጠቀለልም

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ «ሸራው በንፋስ እንዳይነሳ ክምሩን እስከ መሬት ጠቅልሉት፤ አናቱ ላይ ድንጋይ ጫኑበት» ይላል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም።

የደንና የኢነርጂ ተቋማት የማገዶ አደራረቅ መመሪያዎች አናቱ ብቻ ይሸፈን፣ ጎኑ ለአየር ክፍት ይሁን ይላሉ። የተጠቀለለ እንጨት እርጥበቱ ታፍኖ ይሻግታል። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች ካልወረደ ደግሞ ጭሱ ይበዛል፣ ሙቀቱም ያንሳል።

ድንጋዩ ሸራው ሲርገበገብ ተንሸራቶ ሰው ሊጎዳ ይችላል፤ በተለይ ልጆች ባሉበት ያሰጋል። ይልቅ ሸራውን ወጥሩት፤ ገመዱን በጠርዙ ቀለበቶች አሳልፋችሁ ከታችኞቹ ከባድ ግንዶች ጋር እሰሩት። ውሃ የሞላ ጀሪካን በየማዕዘኑ ማንጠልጠልም ይሠራል። ሸራው ከላላ ንፋስ ከሥሩ ገብቶ ይቀደዋል።

ቀድማችሁ የጠቀለላችሁ ጎኑን ዛሬውኑ ግለጡት።