ሻምበል ቦይኮትና የታጀበው ድንች

ሰው ስሙን ለማስጠራት ልጅ ይወልዳል፣ ደብር ያሠራል፣ ያለው ደግሞ ፎቅ ያቆማል። ቻርለስ ቦይኮት የሚባል እንግሊዛዊ ግን አንዱንም ሳይለፋ ተሳካለት፤ የሰፈሩ ሰው አኮረፈው፣ በቃ።

እ.ኤ.አ. በ1880 ነው፣ በምዕራብ አየርላንድ፣ ማዮ በተባለ አውራጃ። ሰውየው የባለርስቱ የሎርድ ኧርን ምስለኔ ነበር። አገሬው ሻምበል ይለዋል፤ እርግጥ ከጦሩ የወጣው ገና በዝቅተኛው የመኮንን ማዕረግ ላይ ሳለ ነው። (የሰፈር ሹመት የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ።) ምርት ስለከፋ ጭሰኞቹ ከኪራያችን ሩቡ ይቀነስልን አሉ፤ ሎርዱ ከአሥር አንድ እጅ ብቻ ፈቀዱ። ያልከፈለ ይነቀል የሚል ማዘዣ ሲመጣ ገበሬው ዱላ አላነሳም። ዝም ብሎ ሰውየውን ተወው።

ወጥ ቤቷ ወጣች፣ ልብስ አጣቢዋ ተከተለች። ባለሱቁ አልሸጥልህም አለ፣ ቀጥቃጩ ብረቱን አስቀመጠ፣ ደብዳቤ የሚያመላልሰውም ልጅ ቀረ። እኛ «እሳት አትጫጫሩት» የምንለው ዓይነት መሆኑ ነው።

ቦይኮት አቤቱታውን ለንደን ጋዜጣ ላይ አወጣ። ከዚያ ጉድ ፈላ! ከሰሜን 50 ያህል ሰው ምርቱን ሊሰበስብለት መጣ፤ እነሱን ለመጠበቅ ደግሞ ወደ 1 ሺህ የሚጠጋ ወታደርና ፖሊስ ሰፈረ። ድንች በዚያን ያህል አጀብ ተቆፍሮ የሚያውቅ አይመስለኝም። ምርቱ ቢበዛ 500 ፓውንድ ያወጣል፤ ወጪው ግን 10 ሺህ ገደማ ደረሰ። ሰውየው ከነቤተሰቡ አገሩን ሲለቅ የሚነዳለት ባለጋሪ ጠፍቶ በጦር አምቡላንስ ነው የወጣው።

የዚህ ኩርፊያ ስያሜ የቄስ ነው። ጄምስ ሬድፓዝ የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ እንዳወራው፣ «ኦስትራሲዝም» (ሰውን ማግለል) የሚለው የግሪኮች ቃል ለገበሬ አይገባም ብሎ እሱ ሲጨነቅ፣ አባ ጆን ኦማሊ ጥቂት አሰቡና ለምን ቦይኮት አንለውም አሉ። ጋዜጦች ተቀባበሉት።

ዕዳው ለኛም ተርፏል። በ1976 ኒውዚላንድ ከአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ጋር ራግቢ ተጫወተች ተብሎ አፍሪካውያን የሞንትሪያልን ኦሊምፒክ ቦይኮት ሲያደርጉ፣ ሻምበል ምሩጽ ይፍጠር (ይኼኛው የእውነት ሻምበል ነበር) ሳይሮጥ ቀረ። በ1980 ሞስኮ ላይ የ5 ሺህና የ10 ሺህ ሜትሩን ወርቅ ጠቅልሎ ሲወስድ ደግሞ አኩርፋ የቀረችው አሜሪካ ነበረች።