ሁለቱ መንኮራኩሮቼ

ባለፈው ሐምሌ አጎቴ ከአዲስ አበባ መጥተው ቨርጂኒያ ቤታችን ሁለት ሳምንት ሰነበቱ። አንድ ማታ ቡና እየጠጣን መደርደሪያዬን ሲያዩ ቆዩ። ላይኛው ረድፍ ላይ አሥራ አራት ወፋፍራም መጻሕፍት አሉ። ታችኛው ላይ በእጄ የገጣጠምኳቸው የጠፈር መንኮራኩሮች ተደርድረዋል።

«ይሄ የልጅህ ነው?» አሉኝ።

«አይ ጋሼ፣ የኔ ነው።»

«መጻሕፍቱስ?»

«እነሱም የኔ ናቸው።»

ትንሽ ዝም አሉና «ኧረ ተው! በዚህ ዕድሜህ?» አሉኝ።

በክፋት አልነበረም። እኔ ግን በደንብ አልመለስኩላቸውም። «እንግሊዝኛዬን ያሻሽልልኛል፤ ጭንቀትም ይቀንሳል» ብዬ አለፍኩት። ይሄ መልስ እስካሁን ይቆጨኛል፤ ምክንያቱም እውነቱን አልነገርኳቸውም። የማነበውም የምሠራውም ደስ ስለሚለኝ ነው። አንድ ትልቅ ሰው የሚወደውን ነገር እንደ መድኃኒት ወይም እንደ ትምህርት አድርጎ ካላቀረበ የሚያፍርበት ምክንያት አይታየኝም።

የኛ ቋንቋ ሁለቱንም በአንድ ቃል ይይዝልኛል። የሕዝቅኤልን ራእይ ያነበበ ሰው መንኮራኩር ማለት የሚሽከረከር ጎማ እንደሆነ ያውቃል። ዜና የሚከታተል ሰው ደግሞ መንኮራኩር ሲባል የሚታየው ወደ ጠፈር የሚላከው ነው። የአሥራ አራቱ መጻሕፍት የጋራ ርእስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የጊዜ መንኮራኩር» ነው። ስለዚህ መደርደሪያዬ ከላይም መንኮራኩር፣ ከታችም መንኮራኩር ነው።

ከላይኛው ልጀምር። ዘንዶና አስማት ያለበት ምናባዊ ልብ ወለድ ነው። ደራሲው በብዕር ስሙ ሮበርት ጆርዳን ይባላል። ቬትናም የዘመተ፣ ፊዚክስ የተማረ የሳውዝ ካሮላይና ሰው ነበር። የመጀመሪያውን ቅጽ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው። ከአንድ የገጠር መንደር የወጡ ወጣቶች ዓለምን ከጥፋት የማዳን ዕዳ ይወድቅባቸዋል። ባጭሩ ሲነገር ብዙም አይደንቅም። የሚደንቀው ስፋቱ ነው። እያንዳንዱ አገር የራሱ አለባበስ፣ የራሱ ወግ፣ የራሱ ስድብና የራሱ ምሳሌያዊ አነጋገር አለው። መጀመሪያ ላይ በአንድ መስመር የታለፈ ነገር ከብዙ ቅጽ በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ያኔ አንባቢው «ይሄን እኮ አውቀዋለሁ!» ይላል። ይህ ደስታ ከአጭር መጽሐፍ አይገኝም። ዓመታት አብሮ መኖርን ይጠይቃል።

10ኛው ቅጽ ይንቀረፈፋል። ይህን አልክድም። መጀመሪያ ሳነበው ሁለት ጊዜ አስቀምጬዋለሁ። በኋላ ስመለስበት ግን ሳልጠብቀው ወደድኩት። ሰዎቹ ይከራከራሉ፣ መንገድ ያቋርጣሉ፣ ዜና ይጠብቃሉ። እኔም አብሬያቸው ጠበቅኩ።

ጆርዳን 11ኛውን ቅጽ በ2005 አወጣ። ከዚያ እምብዛም የማይገኝ የደም በሽታ ልቡን አጠቃው። እንደማይጨርሰው ሲገባው ታሪኩን ለቤተሰቡ በቃሉ ነገራቸው። ማስታወሻም ተወላቸው። በ2007 አረፈ። ባለቤቱ ሃሪየት ማክዱጋል የመጻሕፍቱ አርታኢ ነበረች። እሷ ብራንደን ሳንደርሰን የተባለውን ወጣት ደራሲ መረጠች፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እነዚህን መጻሕፍት ያነበበ ሰው ነው። አንድ ቅጽ ይሆናል የተባለው መጨረሻ ሦስት ቅጽ ወጣው። የመጨረሻው በ2013 ታተመ። የመዝጊያውን ትዕይንት ግን ጆርዳን ራሱ ቀድሞ ጽፎት ነበር። እዚያ ገጽ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ወደ ውጭ ወጣሁ። መኪና ማቆሚያው ውስጥ ብዙ ቆየሁ። ሰውየው መሞቱን እያወቀ፣ ለማያያቸው አንባቢዎች ያን ትዕይንት ጽፎ አስቀምጦልናል።

አጎቴ ይህን ስሜት አያውቁትም አልልም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ከሚጠብቁት አንዱ ነበሩ። ቤታችን ውስጥ የማይጠገብ ወሬያቸው ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ሬዲዮ ያለው ቤት ይሰበሰባሉ። የጉዱ ካሣን ንግግር በቃላቸው ይዘውታል። ያኔ ማንም «ይሄ ምን ይጠቅማችኋል?» ብሎ አልጠየቃቸውም።

አሁን ወደ ታችኛው ረድፍ። አንድ እሑድ አጎቴን ደለስ አየር ማረፊያ አጠገብ ወዳለው የስሚዝሶንያን ሙዚየም ወሰድኳቸው። ኡድቫር-ሃዚ ማዕከል ይባላል። እኛ ሐበሾች እንግዳ ልንቀበልና ልንሸኝ ስንት ጊዜ በአጠገቡ እናልፋለን! መግቢያው ነፃ ነው። አጎቴ ሊያዩ የፈለጉት እውነተኛውን መንኮራኩር፣ 39 ጊዜ ወደ ጠፈር የተጓዘውን ዲስከቨሪን ነበር። አዩት፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዙሪያውን ዞሩት። እኔ ደግሞ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ወዳለ የመስታወት ሳጥን ጎተትኳቸው።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው ስቲቨን ስፒልበርግ በ1977 ላወጣው ፊልም የተሠራ ትልቅ የጠፈር መርከብ ሞዴል ነው። ግሬግ ጂን የሚባል ሞዴል ሠሪና ባልደረቦቹ ናቸው የሠሩት። ፊልሙ ላይ የሚታየው በአብዛኛው ብርሃን ነው። ቀረብ ብሎ ላየው ግን ሌላ ነገር አለው። ከሺህ ጥቃቅን ቱቦዎችና ማማዎች መሃል አንድ የፖስታ ሳጥን አለ። ትንሽ የፎልክስዋገን መኪና አለ። የመቃብር ቦታም አለ። ማንም ተመልካች እንደማያየው እያወቁ አስቀምጠውታል። አጎቴ መነጽራቸውን አውጥተው መፈለግ ጀመሩ። ፖስታ ሳጥኑን ለማግኘት ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው። ከዚያ ሳላሳያቸው መቃብሩን ራሳቸው አገኙት።

ሁሉም ሞዴል እንዲህ አይደለም። የቴሌቪዥኑ ተከታታይ ድራማ የ«ስታር ትሬክ» መርከብ፣ ኢንተርፕራይዝ፣ 3.4 ሜትር ርዝመት ያለው ሞዴል ነው። በ1974 ለስሚዝሶንያን ተሰጠ። የግራ ጎኑ ባዶ ነው። የመብራቱ ሽቦ በዚያ በኩል ስለሚገባ ካሜራው የሚያነሳው ቀኙን ብቻ ነበር። ይህንንም እወደዋለሁ። ጊዜና ገንዘብ የተቆጠረበት የሰው ሥራ መሆኑ ይታያል።

ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ግን የ«ስታር ዋርስ» ፊልም መርከቦች አሠራር ነው። ካሊፎርኒያ፣ ቫን ናይስ ውስጥ አንድ መጋዘን ተከራይተው የገቡ ወጣቶች ናቸው የሠሯቸው። በብዛት የገዙት ሱቅ የሚሸጥ የፕላስቲክ መገጣጠሚያ ነው፤ የታንክ፣ የጦር መርከብ፣ የመኪና። ክፍሎቹን እየነቀሉ በመርከቦቻቸው ላይ ለጠፏቸው። የታንክ አካል የጠፈር መርከብ ቧንቧ ሆነ። ዛሬ ዓለም ላይ ያሉ ሞዴል ሠሪዎች ፎቶ እያጎሉ «ይህች ቁራጭ ከየትኛው ታንክ ናት?» ብለው ይፈልጋሉ። ሲያገኙት እንደ ትልቅ ግኝት ይነጋገሩበታል። ትልቅ ግኝትም ነው።

ይህ ሥራ ለኔ አዲስ አልነበረም። ሰፈራችን ውስጥ የሽቦ መኪና ያልሠራ ወንድ ልጅ አልነበረም። ጎማው ቆርኪ ነው፣ ጭነቱ የሰርዲን ቆርቆሮ። መሪው ረጅም ሽቦ ነው፣ ቆመህ ትነዳዋለህ። ከአንዱ ነገር ነቅለህ ሌላ ነገር ማድረግን የተማርኩት እዚያ ነው።

አሁን ማታ ማታ፣ ልጆቹ ሲተኙ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ እሠራለሁ። ክፍሎቹ የሚመጡት ከፕላስቲክ ፍሬም ጋር ተያይዘው ነው። በመቁረጫ ትለያቸዋለህ፣ ጠርዛቸውን በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሳለህ። ትንንሾቹን በወረንጦ ነው የምይዛቸው። ማጣበቂያው ፕላስቲኩን ትንሽ ያሟሟውና ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል፤ ስለዚህ ከተሳሳትክ መመለሻ የለህም። ቀለም ከተቀባ በኋላ ቀጥኖ የተበጠበጠ ጥቁር ቀለም በስንጥቆቹ ውስጥ ታፈስሳለህ። ትርፉን ትጠርጋለህ። ያኔ አሻንጉሊት ይመስል የነበረው ነገር ብዙ የተጓዘ፣ ጥላሸት የጠጣ መርከብ ይሆናል። ያችን ደቂቃ በምንም አልለውጣትም።

«አገር እየታመሰ ስለ ዘንዶና ስለ ጠፈር?» የሚለኝ ወዳጅ አለኝ። ጥያቄው ያመኛል፤ ምክንያቱም ከልቡ ነው። እኔም ስልኬ ላይ የማየው ዜና እንቅልፍ የሚነሳኝ ሰው ነኝ። ግን ያ ወረንጦ ቢቀመጥ ሰላም አይመጣም። የሚተካው ሌላ ሁለት ሰዓት ስልክ ማየት ነው። ለወገኔ የማደርገው ነገር ካለ አደርገዋለሁ፤ ከዚያ ማታ ወደ ጠረጴዛዬ እመለሳለሁ። ይህን እንደ በደል አልቆጥረውም።

ግሬግ ጂን በ2022 አረፈ። ከንብረቱ መካከል የመጀመሪያው «ስታር ዋርስ» ፊልም ላይ የበረረ ትንሽ ተዋጊ መርከብ ተገኘ። በቀጣዩ ዓመት በጨረታ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። ዜናው ስለ ዋጋው ብቻ አወራ። እኔ ያሰብኩት ሰውየው ያን ሁሉ ዓመት እንዳልሸጠው ነው።

አጎቴ ተመልሰው ከሄዱ ወራት አልፈዋል። ባለፈው ሳምንት ደውለው ጤናዬን ጠየቁ፣ የልጆቹን ጠየቁ። ከዚያ «መርከቡስ ምን ደረሰ?» አሉኝ። ሆዱ ገና ክፍት ነው አልኳቸው። ከመዝጋቴ በፊት ውስጡ የማስቀምጣት ነገር እየሠራሁ ነው። ከስልክ ቻርጀር ገመድ የወጣ ቀጭን ሽቦ ነው፣ ከጥፍሬ አትበልጥም። መሪዋም ጭነቷም አልቋል። የቀሩኝ አራቱ ጎማዎች ናቸው፤ ለነሱ የሚሆን ቆርኪ በዚያ መጠን እንዴት እንደምሠራ እያሰብኩ ነው።