ሲሾም ያልሠራ ሲሻር ያስተምራል

የተቃዋሚ ወንበርን የሚያህል መምህር የለም። ሰው አሥራ አራት ዓመት ሥልጣን ላይ ተቀምጦ ያልገባው ነገር፣ ከሥልጣን በወረደ በሳምንቱ ቁልጭ ብሎ ይታየዋል። አባቶቻችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይሉ ነበር። እንግሊዝ አገር ተረቱ ተሻሽሏል። እዚያ ሲሾም ያልሠራ ሲሻር አይቆጨውም፤ ያስተምራል።

ስለዚህ ዛሬ ምስጋና ላቀርብ ነው። ለብሪታንያ ተቃዋሚ ፓርቲ። የትኛው ለሚለኝ፣ ተራ ደርሶት ወንበሩ ላይ የተቀመጠው፣ ማንም ይሁን ማን። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ጉዳዩም የፈረንጅ ነው።)

አሁን ዋናው ተረኛ ኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ ነው። ከ2010 እስከ 2024 አገር መራ። አምስት ጠቅላይ ሚኒስትር ቀያየረ። ከአምስቱ አንዷ፣ ወይዘሮ ሊዝ ትረስ፣ ሁለት ወር እንኳ አልሞላቸውም። የመጨረሻው አቶ ሪሺ ሱናክ ምርጫ የጠሩት ሜይ 22 ቀን 2024፣ ከመኖሪያቸው ደጃፍ ቆመው፣ ዝናብ እየወረደባቸው ነው። ጃንጥላ የለም። ኮታቸው ትከሻው ላይ እየጠቆረ ሲሄድ አገር በቴሌቪዥን አየ። የእንግሊዝን ባሕር ከጀልባ እጠብቃለሁ ያሉ ሰው ኮታቸውን ከካፊያ ማዳን አቃታቸው። በጁላይ ሕዝቡ ከ650 ወንበር 121 ብቻ አስቀረላቸው።

ጥበብ የወረደው ከዚህ በኋላ ነው።

ጤናን እንውሰድ። በ2010 አገር ሲረከቡ፣ እንግሊዝ ውስጥ ሕክምና የሚጠብቀው ወረፋ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ገደማ ነበር። በ2023 መኸር 7.7 ሚሊዮን ደረሰ። በመሀል ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ቦሪስ ጆንሰን «አርባ አዲስ ሆስፒታል» ብለው ቃል ገብተው ነበር። አዲስ ሆስፒታል ማለት ምን ማለት ነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ ነባር ሆስፒታል ላይ የሚቀጠል ትልቅ ክንፍም ይቆጠራል ተባለ። በዚህ አቆጣጠር ጓሮው ላይ አንድ ክፍል የቀጠለ ጎረቤቴ ሁለት ቤት አለው።

ይኸው ፓርቲ ዛሬ ፓርላማ ውስጥ ተነሥቶ «ወረፋው ለምን ረዘመ?» ብሎ ይጠይቃል። ሲጠይቅ ፊቱ ላይ ያለው መደነቅ የእውነት ነው። ከልቡ ነው የገረመው። እኔ ይህን ንጽሕና አደንቃለሁ። በሽተኛው ግን ጠዋት ልክ በሁለት ሰዓት ስልኩን ይዞ ይቀመጣል፤ የጂፒው፣ የሰፈሩ ሐኪም፣ መስመር የሚከፈተው ያኔ ነው። ሙዚቃ። «ጥሪዎ ለእኛ በጣም አስፈላጊ ነው።» ሙዚቃ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ የዛሬ ቀጠሮ አልቋል፣ ነገ ይደውሉ። ነገም ያው ሙዚቃ ነው። መንግሥት ተቀየረ፣ ሙዚቃው አልተቀየረም።

የጡረተኞች ማሞቂያ ድጎማ ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ምስጋና ይገባዋል። በብርድ ወራት ለአዛውንቶች የሚሰጥ ከ200 እስከ 300 ፓውንድ ነው። በ2017 ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ወይዘሮ ቴሬዛ ሜይ «ለሁሉም መስጠቱ ይቅር፣ ለቸገረው ብቻ ይሰጥ» ብለው በምርጫ ሰነዳቸው ጻፉ። ሌላው ትልቅ ፓርቲ፣ ሌበር፣ ያኔ ተቃዋሚ ነው። ተነሣ፣ አለቀሰ፣ «ወደ አራት ሺህ አዛውንት ሊሞት ይችላል» አለ። ሰባት ዓመት አለፈ። ሌበር በ2024 ሥልጣን ያዘ። በገባ በወሩ ምን አደረገ? ለሁሉም መስጠቱ ይቅር፣ ለቸገረው ብቻ ይሰጥ አለ። ኮንሰርቫቲቭስ? ተነሣ፣ አለቀሰ፣ «አዛውንቶቻችን በብርድ ሊያልቁ ነው» አለ።

ልብ በሉ፣ አቋሙ አልጠፋም። አንዷም አልጠፋችም። ወንበር ብቻ ነው የተቀያየሩት፤ ንግግሩ በየወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል። የሚቀመጠው ሰው አንሥቶ ማንበብ ነው። በኋላ ሌበር ራሱ ደንግጦ ውሳኔውን ለአብዛኛው ጡረተኛ መለሰው። ይህን ያደረገ ዕለት ለጥቂት ሰዓት ተቃዋሚ መስሎ ነበር። በጣም ነበር ያማረበት።

የጥገኝነት ጉዳይ ላይ ስንመጣ ግን እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ነው የምናገረው። እኛን ይመለከተናላ። ሰፈራችን ውስጥ ኬዙ ያልተዘጋለት፣ ኢንተርቪው የሚጠብቅ፣ ሪጀክት ሆኖ ይግባኝ ላይ ያለ ሰው የማያውቅ ሐበሻ የለም።

ኮንሰርቫቲቭስ በ2010 «የሚገባውን ከሚወጣው ቀንሰን ቁጥሩን ወደ አሥር ሺህዎች እናወርደዋለን» ብሎ ነበር። በ2023 ልዩነቱ ከ900 ሺህ አለፈ። ቃላቸው አልታጠፈም፤ ዜሮ ብቻ ነው የተጨመረበት። በጀልባ የሚመጣው በ2018 ወደ 300 ሰው ነበር፤ በ2022 ከ45 ሺህ በለጠ። አቶ ሱናክ «ጀልባዎቹ ይቁሙ» የሚል ጽሑፍ ንግግር የሚያደርጉበት አትሮኖስ ላይ አስለጠፉ። አትሮኖሱ ቆመ። ጀልባዎቹ አልሰሙም።

ሆቴሎቹስ? በሴፕቴምበር 2023 በመንግሥት ወጪ ሆቴል የተቀመጠው ጥገኝነት ጠያቂ 56 ሺህ ደርሶ ነበር። ያኔ የኢሚግሬሽን ሚኒስትሩ አቶ ሮበርት ጄንሪክ ናቸው። ዶቨር አጠገብ ብቻቸውን የመጡ ሕፃናት የሚቀበሉበት ማዕከል ግድግዳ ላይ የነበረውን የሚኪ ማውስ ሥዕል በቀለም ያስጠፉትም እሳቸው ናቸው፤ ልጆቹን እንኳን ደህና መጣችሁ የሚል ይመስላል ተብሎ። ሥዕሉ ጠፋ። ሆቴሉ አልጠፋም።

ከዚያ ተቃዋሚ ሆኑ። በኦገስት 2025 ኤፒንግ በምትባል ከተማ ጥገኝነት ጠያቂዎች ያረፉበት ሆቴል ፊት ለፊት ሰልፍ ነበር፤ ጄንሪክ ከሰልፈኛው ጋር ተገኙ። ሰልፉን የቀሰቀሰው የአንድ ኢትዮጵያዊ ወንጀል ነው። ተፈርዶበታል፣ ይገባዋል፣ እዚህ ላይ አልቀልድም። የምቀልደው በሆቴሉ ላይ ነው። ያው ሆቴል ጄንሪክ ሚኒስትር በነበሩበት ዘመን ጥገኝነት ጠያቂ ያሳርፍ ነበር። ሰው የራሱን ሥራ ሊቃወም ሰልፍ ሲወጣ ማየት ብርቅ ነው። ስንቱ ባለሥልጣን ነው ይህን ያህል ደፋር? በ2026 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ከአንዱ ተቃዋሚ ፓርቲ ተባረው ወደ ሌላው ተቃዋሚ፣ ወደ ሪፎርም፣ ተሻገሩ። ትምህርቱን በአንድ ክፍል ጨርሰው ወደሚቀጥለው አለፉ ማለት ነው።

እዚያ ሆቴል ውስጥ ያለው ሰው ምቾት ላይ ነው ይባላል። ምግብ ስለሚቀርብለት በሳምንት አስፐን በሚባለው የመንግሥት የድጎማ ካርዱ ላይ የምትገባለት ከአሥር ፓውንድ ያነሰች ናት። ለንደን ውስጥ በአውቶቡስ ሁለት ሦስት ቀን ደርሶ መልስ ብትሄድ አለቀች። ሥራ መሥራት አይችልም፤ አንድ ዓመት ጠብቆ ቢፈቀድለትም ከዝርዝር ውስጥ ያለ ሥራ ብቻ ነው። ስለዚህ አልጋው ላይ ተቀምጦ ስልኩን ያያል። ስልኩ ላይ ደግሞ ስለ ሰነፍነቱ የሚናገሩ የፓርላማ አባላት አሉ።

በኦክቶበር 2025 የኮንሰርቫቲቭ መሪ ወይዘሮ ኬሚ ባድኖክ ማንቸስተር ላይ መፍትሔውን ይፋ አደረጉ። ከአውሮፓ የሰብአዊ መብት ስምምነት እንወጣለን፣ በዓመት 150 ሺህ ሰው እናስወጣለን። ጥሩ ነው። አሥራ አራቱን ዓመት ታዲያ የት ነበራችሁ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነገር ፈላጊ ነው። ስምምነቱን በማርቀቅ ትልቅ ድርሻ የያዙት አንድ ብሪታንያዊ የሕግ ሰው፣ ዴቪድ ማክስዌል ፋይፍ፣ ነበሩ። ፓርቲያቸው ምን ነበር? ኮንሰርቫቲቭ። ቸርችልም አብረው ገፍተውበታል። አያት የተከለውን ዛፍ የልጅ ልጅ ሲቆርጥ «የባዕድ ዛፍ ነው» እያለ ነው።

ሌበርን እንዳልረሳ። ተቃዋሚ ሳለ ስደተኛን ወደ ሩዋንዳ የመላኩን የኮንሰርቫቲቭስ ዕቅድ ማስመሰያ ነው ብሎ አጣጣለው። ልክ ነበር። መንግሥት እንደሆነ ሰረዘው። ይህንንም እመሰክራለሁ። «የደላሎቹን መረብ እንሰባብራለን» ብሎም ነበር። በ2025 በጀልባ የገባው ሰው ከ41 ሺህ በለጠ፤ በ2024 ከገባው ይበልጣል። ከዚያ በኖቬምበር 2025 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ ሻባና ማሕሙድ አዲስ ዕቅድ አመጡ። ጥገኝነት ጊዜያዊ ይሆናል፣ በየሁለት ዓመት ተኩሉ ይታያል፣ ያለ ፈቃድ የገባ ሰው ቋሚ መኖሪያ ለመጠየቅ ሃያ ዓመት ይጠብቃል። ሃያ ዓመት! ዛሬ የተወለደ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አባቱን ወረቀት ወጣልህ ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። ኮንሰርቫቲቭስ ዕቅዱን በበጎ ተቀብሎ ሊተባበር እጁን ዘረጋ። ተቃዋሚና መንግሥት የሚስማሙበት ነገር ስትፈልጉ፣ ድምፅ የማይሰጥ ሰው ፈልጉ።

አሁን ወደ ዴሞክራሲ፣ ማለትም ወደ ሌሎች አገሮች ዴሞክራሲ።

በ2021 ብሪታንያ ጄኔቫ ላይ ቆማ ሩዋንዳን ወቀሰች። በእስር ቤት የሞቱ ሰዎችና የማሰቃየት ክሶች ይመርመሩ አለች። በ2022 ያችው ብሪታንያ ስደተኛ ወደ ሩዋንዳ እልካለሁ አለች። በኖቬምበር 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «ቦታው አስተማማኝ አይደለም» ብሎ ፈረደ። በ2018 የምግብ ራሽን ስለተቀነሰባቸው የተቃወሙ ኮንጎአውያን ስደተኞች በሩዋንዳ ፖሊስ መገደላቸውን አነሣ። እስራኤል ከሩዋንዳ ጋር ያደረገችው የቀድሞ ስምምነት ምን እንዳስከተለም ጠቀሰ። እኛ ያንን ለማወቅ ዳኛ አላስፈለገንም። ከቴል አቪቭ ኪጋሊ ተልኮ፣ በኡጋንዳ በሱዳን በሊቢያ ዞሮ አውሮፓ የገባ ኤርትራዊ ሻይ እየጠጣ ነግሮናል።

የኮንሰርቫቲቭ መንግሥት ታዲያ ምን አደረገ? በኤፕሪል 2024 «ሩዋንዳ አስተማማኝ አገር ናት» የሚል ሕግ አወጣ። አለቀ። የሰው አገር በሎንዶን ድምፅ ብልጫ ሰላም ሆነ። ይህን ያህል ርካሽ የዴሞክራሲ ግንባታ ታይቶ አይታወቅም ልል ስል፣ ሒሳቡ መጣ፤ አዲሱ መንግሥት 700 ሚሊዮን ፓውንድ ወጥቷል አለ። የሄዱት በፈቃዳቸው፣ ገንዘብ ተሰጥቷቸው፣ አራት ሰዎች ናቸው።

ለድሃ አገሮች የሚሰጠው ዕርዳታም ላይ ያው ነው። ኮንሰርቫቲቭስ በ2021 ከብሔራዊ ገቢው 0.7 በመቶ ወደ 0.5 ሲቀንስ ሌበር በድሆች ስም ጮኸ። በፌብሩዋሪ 2025 የሌበሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ሰር ኪየር ስታርመር በ2027 ወደ 0.3 እናወርደዋለን አሉ። የልማት ሚኒስትሯ አኔሊዝ ዶድስ ሥራ ለቀቁ። እኚህ ሴት የወንበሩን ደንብ አልተረዱም፤ ሚኒስትር ሆኖ ተቃዋሚ ሳሉ የተናገሩትን ማስታወስ ነውር ነው።

ፓርላማው ፊት ለፊት ባለው አደባባይ ሰልፍ የወጣ ሐበሻ ደንቡን ጠንቅቆ ያውቀዋል። ተቃዋሚው የፓርላማ አባል መጥቶ ባንዲራው መሀል ይገባል። የትኛው ባንዲራ እንደሆነ አይጠይቅም። ቢጠይቅም እኛ አስረድተን ሳንጨርስ ይመሻል። ፎቶ ይነሣል። «ዝም አልልም» ይላል። ያ ሰው በሁለተኛው ዓመት ሚኒስትር ቢሆን፣ ከቢሮው የሚመጣው ደብዳቤ «ሁኔታውን በቅርበት እየተከታተልን ነው» ይላል። ፎቶው ግን ቤታችን አለ።

ሊበራል ዴሞክራቶችን በአንድ መስመር ላመስግን። በ2010 የዩኒቨርሲቲ ክፍያ አንጨምርም ብለው ፈረሙ፣ ጥምር መንግሥት ገቡ፣ ጣሪያው ወደ 9 ሺህ ፓውንድ ሲወጣ አብረው ነበሩ። መሪያቸው ኒክ ክሌግ በ2012 ይቅርታ ጠየቁ፣ በ2018 ፌስቡክ ተቀጠሩ። ከ2015 ወዲህ ፓርቲው ወደ ሥልጣን ዝር አላለም፤ ስለዚህም አቋሙ ሁሉ ትክክል ነው።

እኔ ሐሳብ አለኝ። ሰው ሁሉ ተቃዋሚ ሲሆን እንዲህ የሚያውቅ ከሆነ፣ ለምን አንዱን በግድ ሥልጣን ላይ አስቀምጠን እናደነቁረዋለን? ሁሉም አንድ ላይ ተቃዋሚ ይሁኑ። ስድስት መቶ ሃምሳውም በአንድ ወገን ይቀመጡና የማንንም መንግሥት በጋራ ይተቹ። ችግሩ፣ አዳራሹ በሁለቱም ወገን ተደማምሮ እንኳ የሚያስቀምጠው 427 ሰው ብቻ ነው፤ በአንድ ወገን ደግሞ ግማሹ። ለተረፉት ሆቴል ይከራይላቸው። ኤፒንግ ላይ አንድ ጥሩ አለ ይባላል።