«ስሙ ብቻ ነው የተለወጠው» ይሉናል

ሰሞኑን ከለንደን የተመለሰ አንድ ወዳጄ በኮቨንትሪ ጎዳና ሲያልፍ፣ የቀድሞው ምግብ ቤትና መጨፈሪያ «ካፌ ደ ፓሪ» እ.ኤ.አ. በ2023 «ሊዮ» ተብሎ በተከፈተበት ደጃፍ ቆም ብሎ ነበር። እኔ በስሙ መቅረት ስበግን «ቤቱ እንዳለ ነው፤ ስሙ ብቻ ነው የተለወጠው። ደግሞስ ለመኳንንት መጨፈሪያ ምን ሙሾ ያስፈልገዋል?» አለኝ።

ከሁሉ የሳሳው ይህ የመጨረሻው ነው። በ1924 የተከፈተውን ይህን ቤት፣ በኋላ ኤድዋርድ ስምንተኛ የተባለው የዌልስ ልዑል ያዘወትረው እንደነበር አልክድም። ነገር ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ማርች 8 ቀን 1941፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሊሆን ሲል ቦምብ የወደቀባቸው መኳንንት ብቻ ነበሩን? መድረኩ ላይ የሞተው የባንዱ መሪ ኬን ጆንሰን በብሪቲሽ ጉያና የተወለደ የ26 ዓመት ጥቁር ወጣት ነበር። ከእርሱ ጋር ሳክስፎን ተጫዋቹ ዴቭ ዊሊያምስና የቤቱ ባለቤት ማርቲን ፖልሰን ጭምር ቢያንስ 34 ሰዎች አልቀዋል።

«ቤቱ አለ» ወደሚለው ልመለስ። አዳራሹ የተሠራው ከሪያልቶ ሲኒማ ሥር ነው፤ እንግዳ ከመንገድ ገብቶ ወደ ሰገነቱ ይደርስና፣ ግራና ቀኝ በተጠማዘዙት ደረጃዎች ወደ መጨፈሪያው ይወርዳል። ከጦርነቱ በፊት ይህ ቁልቁለት ለመታያ ነበር፤ አዲስ ቀሚስ የለበሰች ሴት አዳራሹ ሁሉ እያያት እንድትወርድ። ጦርነቱ ሲመጣ ያው ቁልቁለት የደኅንነት ማስታወቂያ ሆነ፦ ከምድር በታች 20 ጫማ፣ በከተማው ከሁሉ የሚያስተማምን ምግብ ቤት! በላዩ የነበረው ግን አለት አይደለም፣ ሲኒማ ቤት ነው፤ ቦምቦቹም ሲኒማውን በስተው አዳራሹ ውስጥ ወደቁ። በ1948 ታድሶ ሲከፈት ግድግዳው ተለስኖ ይህን ሁሉ ሸሸገ፤ ማስታወቂያውንም፣ ሙዚቀኞቹንም፣ ሟቾቹንም ከቦታው ጋር አስሮ ያቆየው ስሙ ነበር። ልስን አይናገርም፤ ሰው የሚጠይቀው በስም ነው።

በወረርሽኙ ዘመን በ2020 ማብቂያ የተዘጋ ቤት መልሶ መብራት ማብራቱን አልጠላሁም፤ ገንዘቡን ያወጣ ሰው ደጁ ላይ የወደደውን መጻፍ ይችላል። ይህን መብት ብሎ መጥራት አንድ ነገር ነው፣ «ምንም አልጎደለም» ማለት ግን ሌላ። ወዳጄን ኬን ጆንሰንን ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«የአዲሱ ቤት ባለቤት ነው?» አለኝ።