መጀመሪያ ፈልጉልኝ፣ ከዚያ ቀይሩልኝ

ደሴና ኮምቦልቻ ጋራዥ ያላችሁ ወንድሞቼ፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። «ፍሬኑ ላላብኝ» ብሎ የመጣ ሰው መኪና ገና በክሪክ ሳይነሳ፣ አንድ ጎማ ሳይፈታ፣ «ፖምፓው ሞቷል፣ ሙሉ ቀይር» የምትሉት ምን አይታችሁ ነው?

የኔ አይሱዙ ኤን ፒ አር ነው። እንደ ሲኖትራክ በአየር የሚሠራ ፍሬን የለውም፤ የኛ በዘይት ነው፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ፖምፓው ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ ይገፋል። ፔዳሉ ሲረገጥ ወደ ታች ይሄዳል። ሁለቴ ሲደገም ይይዛል። ይህንን ለመካኒኩ ነገርኩት። ጎንበስ እንኳ ሳይል «አብሽር፣ ፖምፓው ነው» አለኝ። ገዛሁ። ተገጠመ። ፔዳሉ ያው። ሌላ ጋራዥ ወሰድኩት። «ሰርቮው ነው» ተባልኩ። ያንንም ገዛሁ። አሁንም ያው!

ሰርቮ እግራችንን የሚያግዝ ነገር ነው። እሱ ሲደክም ፔዳሉ ይደርቃል፣ ሹፌሩ በሙሉ ጉልበቱ መርገጥ ይኖርበታል። ለላላ ፔዳል ሰርቮ መቀየር ምን ማለት ነው? ይህንን የማያውቅ ሰው እንዴት የሰው ፍሬን ይነካል? አውቆ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። የልጆቼን የትምህርት ቤት ክፍያ ነው የበላብኝ።

ችግሩ የት ተገኘ መሰላችሁ? ኮምቦልቻ አንድ ጋሼ የኋላ ጎማዎቹን አስፈትተው፣ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ታምቡር አውጥተው፣ በባትሪ ብርሃን አዩት። የአንዱ ጎማ ሸራውን የምትገፋው ትንሿ ሲሊንደር ከአቧራ መከላከያ ጎማዋ ሥር ረጥባለች። ዘይት ታፈሳለች፣ አየር አስገብታለች። ታምቡሩን ይዞ የሚያቆመው ሸራ ደግሞ ተበልቶ ከታምቡሩ ርቋል፤ ያስጠጋው ሰው የለም። ሲሊንደሯን ከፍተው ውስጧን በጣታቸው ዳሰሱ። ለስላሳ ነበረች፣ ዘይት እንዳያልፍ የሚይዘው ጎሚኒ ብቻ ተቀየረላት። ዘይት የነካው ሸራ ከነጓደኛው በሁለቱም በኩል ተቀየረ። ሸራው ተጠጋ፣ አዲስ ዘይት ገባ፣ አየሩ ወጣ። ሁሉም ተደምሮ በከንቱ የገዛሁትን ፖምፓ ዋጋ አልደረሰም።

በርካሽ ሥሩልኝ ማለቴ ደግሞ አይደለም። ሲሊንደሯ ውስጧ ዝጎ ተቦርቡሮ ቢሆን አዲስ ጎሚኒ አይይዝላትም፣ ሙሉ ትቀየር። እከፍላለሁ። ግን አይታችሁ ንገሩኝ።

ማየት ምን ያህል ይከብዳል? ሞተር አጥፍቶ ፔዳሉን ደጋግሞ መርገጥ፣ ከዚያ ረግጦ መያዝ። ቀስ እያለ ከሰመጠ፣ ውጭም የሚፈስ ዘይት ከሌለ፣ ያኔ የፖምፓው ጎሚኒ ዘይት እያሳለፈ ነው በሉኝ፤ አምናችኋለሁ። እግር ሥር እንደ ስፖንጅ ከሆነ አየር አለ። መጀመሪያ ወርዶ በሁለተኛው ከፍ ብሎ ከጠነከረ ሸራው ሳይርቅ አይቀርም። ዘይቱ እየጎደለ ከሆነ አራቱም ጎማ ጋ፣ ቱቦዎቹም ላይ እርጥበት መፈለግ። ለዚህ ሁሉ አንድ ብር መለዋወጫ አይገዛም።

አየር ሲያስወጡም እያየሁ ነው የምቃጠለው። ከመኪናው ያወጡትን ጥቁር ዘይት መልሰው ይጨምሩታል! ያ ዘይት አረፋ ይዟል፣ ቆሻሻ ይዟል። ማጠራቀሚያው ባዶ እስኪሆን ይረሱትና እንደገና አየር ይስባል። ረዳቱ ፔዳሉን መልቀቅ ያለበት የአየር ማስወጫዋ ከተዘጋች በኋላ ነው፤ እነሱ ግን ከፍተዋት እያለ ይለቃል። የሞተር ዘይት የሚጨምርም አለ። እሱ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል፣ ከዚያ የፍሬኑ መስመር በሙሉ ጎሚኒ ቅየራ ነው።

እና ይህንን ሁሉ አድርገው «ያደርስሃል» ይላሉ። የት ነው የሚያደርሰኝ? ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። መሃላቸው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ እሱም ሐረጎ የሚባለው ቁልቁለት ነው! ከወረኢሉ ስንዴ ጭኜ፣ ክረምት ሆኖ ጉም ወርዶ፣ ከፊቴ ሰው የጫነ ሚኒባስ እየሄደ፣ በላላ ፔዳል ሐረጎን ልውረድ? በከባድ ማርሽ መውረዱን እናውቃለን፣ አባቶቻችንም በሱ ነው የወረዱት። ግን ማርሽ ብቻውን መኪና አያቆምም።

ያረጀ የፍሬን ዘይት ነገር ደግሞ ማንም አያነሳውም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲችል ነው ደረጃው የሚያዘው። እርጥበት ሲጠጣ ግን ደረጃው ራሱ የሚጠብቅበት 140 ብቻ ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ደጋግሞ የረገጠ ሰው ያን ሙቀት ያመጣዋል። ዘይቱ ከፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ይጨመቃል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ታች ደርሶ ሲቀዘቅዝ ፔዳሉ ይመለሳል። ጋራዥ ሲወሰድ «ምንም የለውም፣ አንተ ነህ የፈራኸው» ይባላል። ፈሪ አይደለሁም! ዘይቱን ቀይሩልኝ፣ ጣሳውም እፊቴ ይከፈት።

ነገሩ የት እንዳለ ይገባኛል። ለመፈለግ የሚከፍል የለም። የሚከፈለው ለመቀየር ነው፣ ከመለዋወጫ ሱቁም የምትገኝ ነገር አለች። እኛ ባለመኪኖችም «ማየት ብቻ ለምን ያስከፍላል?» እያልን እንከራከራለን። ይኸው እኔ ለፍተሻ ልክፈል። ጎማ ለመፍታት፣ ታምቡር ለማውጣት፣ ለሰዓታችሁ ዋጋ ቁረጡና በራችሁ ላይ ለጥፉት። ያገኛችሁትን አሳዩኝ፣ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ በእጄ ስጡኝ። ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ እንዲህ የሚሠራ ጋራዥ ካለ የሁልጊዜ ደንበኛው ነኝ፣ ጓደኞቼንም ይዤ እመጣለሁ።