የሶሴጁ ሒሳብ በማን ፊት ይነበባል?

የአንድ ገጠር ከተማ የራግቢ ክለብ ገንዘብ ያዥ ሰው ፊት ቆሞ ሒሳብ ሲያነብ ሰማሁ። በውድድር ዘመኑ ካንቲኑ ውስጥ ሶሴጅ ተሽጦ ስንት ገባ፣ ለዳቦ ስንት ወጣ፣ ለዳኞች ስንት ተከፈለ፣ ባንክ ውስጥ ስንት ቀረ። በዕድሜ የገፉ አንዲት ሴት እጃቸውን አውጥተው "የሽንኩርቱ ወጪ ካምናው ለምን በለጠ?" ብለው ጠየቁ። መልስ ተሰጣቸው፤ ጥያቄውም መልሱም ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፈረ። ማንም አልተቆጣም። "ሌባ ልትዪኝ ነው?" ያለ የለም። እኔ ግን በተቀመጥኩበት ደሜ ፈላ። የተናደድኩት በእነሱ አይደለም፤ በእኛ ነው።

የምኖረው ኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ ነው፤ ከሲድኒ ወደ ምዕራብ ብሉ ማውንቴንስን ተሻግራችሁ በምታገኟት ኦሬንጅ ከተማ። ሜልቦርን ፉትስክሬይ ያላችሁ ወገኖች "ፉቲ" ሲባል የምታስቡት ሌላ ጨዋታ ነው። እዚህ ፉቲ ማለት ራግቢ ሊግ ነው፦ 13 በ13 ሆነው ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው ይጋፋሉ፤ ኳስ የያዘው ቡድን ስድስተኛ ጊዜ ተይዞ ሲወድቅ ለተቃራኒው ያስረክባል፤ ከመስመሩ ማዶ ኳሱን መሬት ያስነካ 4 ነጥብ ያገኛል። በቴሌቪዥን የምታዩት ኤንአርኤል የሚባለው ትልቁ ሊግ የባለሚሊዮኖቹ ነው። እኔ የማወራው ቅዳሜና እሑድ በየገጠር ከተማው ስለሚደረገው ነው፤ አናጢው፣ ገበሬውና የማዕድን ሠራተኛው ተፋልመው ሰኞ ጠዋት እያነከሱ ሥራ ስለሚገቡበት።

የገጠሩ ውድድር ለረጅም ዘመን "ግሩፕ" በሚባሉ ቀጠናዎች ተከፋፍሎ ኖሯል። ባተርስት፣ ኦሬንጅ፣ ማጂና ሊትጎ በግሩፕ 10፤ ዱቦ፣ ፓርክስ፣ ፎርብስ፣ ዌሊንግተንና ኒንጋን በግሩፕ 11፤ ወደ ደቡብ ስትወርዱ ያንግ፣ ጁኒ፣ ቱሙትና ጉንዳጋይ በግሩፕ 9። ከተማው ስለ ራሱ የሚኮራበትን ከቡድኑ ስም ታውቃላችሁ። የፓርክሶቹ "ስፔስመን" ይባላሉ፤ በ1969 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ሰው ጨረቃን ሲረግጥ ምስሉን የተቀበለው ትልቅ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ከከተማቸው ወጣ ብሎ ይገኛል። ያንግ የቼሪ አገር ናትና ቡድኗ "ቼሪፒከርስ" ነው። ጁኒ የባቡር ከተማ ናት፤ ቡድኗ "ዲዝልስ"። የአውስትራሊያን ብሔራዊ ቡድን በአምበልነት የመራው ሎሪ ዴሊ የወጣው ከዚህች የባቡር ከተማ ነው።

የጨዋታ ቀን ሜዳው ቀኑን ሙሉ አያርፍም። ከ18 ዓመት በታች ያሉት ይጀምራሉ። ሴቶቹ ሊግ ታግ ይጫወታሉ፤ ወገብ ላይ የተንጠለጠለውን ጨርቅ መንጠቅ እንጂ ሰው መጣል የለበትም። ከዚያ ሁለተኛው ቡድን፣ በመጨረሻ ዋናው ቡድን ይገባል። በር ላይ መግቢያ የሚሰበስቡት የትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ናቸው። ሽንኩርት የሚጠብሰው ጡረታ የወጣ ፖሊስ ነው። ለዓመታት ሊቀመንበር የነበረው ሰውዬ ዘንድሮ በምርጫ ተሸንፎ ወረደ፤ አሁን ጨዋታ ሲያልቅ ከረጢት ይዞ ቆሻሻ ይለቅማል። ይህ ሰው ከአእምሮዬ አልወጣም ብሏል። ሲወርድ ማኅተሙን ይዞ አልሄደም። የወንድሙን ልጆች ሰብስቦ ሌላ ክለብ አላቋቋመም።

ጨዋታው ራሱ የተወለደው በሒሳብ ጠብ ነው። በ1907 ሲድኒ ውስጥ ራግቢ ዩኒየን የሚባለው የነባሩ ጨዋታ ተጫዋቾች ሜዳ ላይ ተጎድተው ከሥራ ሲቀሩ ደሞዛቸው ይቋረጥ ነበር፤ አስተዳደሩ ግን የመግቢያውን ገንዘብ እየሰበሰበ ለተጎጂው ካሳ አልሰጥም አለ። ሠራተኞቹ ተገንጥለው የራሳቸውን ሊግ መሠረቱ፣ በ1908 ውድድሩን ጀመሩ። ከመቶ ዓመት በኋላም የሜዳው ገንዘብ የት እንደገባ መጠየቅ ነውር ያልሆነው ምናልባት ከዚያ የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሕጉም አለ። ክፍለ ሀገሩ በ2009 ባወጣው የማኅበራት ሕግ 5 አባላት ካላችሁ ማኅበር ማስመዝገብ ትችላላችሁ። ኮሚቴው ቢያንስ 3 ሰው ይኖረዋል፤ የበጀት ዓመቱ በተዘጋ በ6 ወር ውስጥ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠርቶ ሒሳብ ይቀርባል። ሴትዮዋ ስለ ሽንኩርቱ የጠየቁት ግን ሕግ ጠቅሰው አይደለም። ክለቡ የራሳቸው ስለሆነ ነው የጠየቁት።

"ፈረንጅ ሥርዓት አለው፣ እኛ የለንም" የሚል ሰው ካለ አልስማማም። እናቴ በነበሩበት ዕድር ጸሐፊው መዝገብ ገልጦ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል፣ የድንኳኑ ካስማ ሳይቀር ተቆጥሮ ይረከባል። ብረት ድስት ጎድሎ ከተገኘ ወሩን ሙሉ ይጠየቃል። ገንዘብ ያዡ ሒሳብ አልናገርም ቢል በማግሥቱ ሰፈሩ ውስጥ ቀና ብሎ አይሄድም። ታዲያ ይኸው ሕዝብ፣ እነዚሁ አባቶች፣ ኳስ ላይ ሲደርሱ መዝገቡን የት ነው የሚጥሉት?

መልሱ ከፋዩ ማን ነው በሚለው ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ዕድር ላይ ሁሉም ከኪሱ ያዋጣል፣ ሁሉም ሟች ነው፣ ስለዚህ ሁሉም ይጠይቃል። አገር ቤት ትልልቆቹ ክለቦቻችን የሚተዳደሩት ግን በአብዛኛው በከተማ አስተዳደር በጀት፣ በመንግሥት ባንክና ድርጅት፣ በመከላከያ ነው። ደጋፊው ይዘፍናል፣ ያለቅሳል፣ ማልያ ይገዛል፤ ድምፅ ግን የለውም። ከንቲባው ሲቀየር የክለቡ ዕድል አብሮ ይቀየራል፤ የተጫዋች ደሞዝ ወራት ይዘገያል፤ የሚጠይቅ አባል የለም፣ አባልነት የሚባል ነገር በወረቀት ነውና። ላይኛው ቤትማ ምን እንደሆነ አንረሳውም። በ2008 የፌዴሬሽኑ አመራር ማን ነው በሚል ውዝግብ ፊፋ አገራችንን አገደ፤ ለ2010 የዓለም ዋንጫ ከሚደረገው ማጣሪያም ወጣን። ሜዳ ላይ ተሸንፈን ብንወጣ ባልተቃጠልኩ። በወንበር ጠብ ነው የወጣነው።

ውጭ አገርም ይዘነው መጥተናል። ሲድኒ በነበርኩበት ጊዜ የእኛ ልጆች የሚጫወቱበት የኳስ ቡድን ነበረን። ሁላችንም አዋጣን። ታክሲ የሚነዳውም፣ አዛውንት የምትንከባከበውም፣ ፋብሪካ የሚያድረውም። ማልያ ይገዛል ተባለ፣ ለውድድር ሜልቦርን ይኬዳል ተባለ። ማልያው መጣ፤ ግማሹ ልጅ አልደረሰውም። እኔ ከቡና በኋላ በትሕትና "ወንድሞቼ፣ እስኪ ሒሳቡን አንድ ቀን ብናየው" አልኩ። የወረደብኝን እስካሁን አልረሳሁትም። አንደኛው "ማን ላከህ?" አለኝ። ሌላው የየት አገር ሰው እንደሆንኩ፣ የትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደምሄድ አነሳ። ስለ ማልያ ነበር የጠየቅሁት! በዓመቱ ቡድኑ ለሁለት ተከፈለ፤ ልጆቹ እርስ በርስ ሰላምታ ተነፋፈጉ፤ የኔም ልጅ አብሮ አደግ ጓደኛውን አጣ። የሒሳብ ደብተሩ ከማን ጋር እንደሄደ እስከዛሬ የሚናገር አልተገኘም። እኔም ደረሰኝ ስላልተሰጠኝ ያዋጣሁትን ማሳየት አልችልም። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ከጠየቁት ሰዎች ይልቅ ዝም ያሉት "ሰላም ወዳድ" ተብለው መመስገናቸው ነው።

ሰሜን አሜሪካ ያሉት ወገኖቻችንም ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ የሚያሰባስባቸው ትልቅ የኳስ ፌስቲቫል አላቸው፤ በ2012 ግን በአንድ ሰሞን አንዱ ዳላስ፣ ሌላው ዋሽንግተን ሁለት ውድድር ተደገሰ፤ ቤተሰብ የትኛው ጋ እንሂድ እያለ ተጨነቀ። እኔ እዚህ ያየሁትን ላንሳ። የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች፣ አቦርጂኖቹ፣ "ኩሪ ኖክአውት" የሚሉት የራሳቸው የራግቢ ሊግ ውድድር አላቸው። በ1971 ሲድኒ ውስጥ በጥቂት ሰዎች ተጀመረ። በየዓመቱ ኦክቶበር መግቢያ ላይ ባለው ረጅም የሳምንት መጨረሻ ዕረፍት ከክፍለ ሀገሩ አራት ማዕዘን ዘመድ ከዘመድ ይገናኝበታል። ደንቡ ቀላል ነው፦ ያሸነፈው ቡድን የሚቀጥለውን ዓመት ውድድር በአገሩ ያስተናግዳል። አዘጋጅነቱ የአንድ ሰው ርስት ሊሆን አይችልም፤ ዋንጫው በሄደበት ይሄዳል። መሬቱን ተቀምቶ፣ ልጁን ተነጥቆ የኖረ ሕዝብ ይህን ከሀምሳ ዓመት በላይ አቆይቶታል።

የእነሱ ነገር ሁሉ ያማረ ነው እያልኩ አይደለም። የብዙ ክለብ ገቢ ከቁማር ማሽን ነው፤ ከአውስትራሊያ የቁማር ማሽኖች ግማሽ ያህሉ ያሉት በዚሁ ክፍለ ሀገር ነው፣ የጡረተኛ ገንዘብ እየዋጡ የልጅ ማልያ ይገዛሉ። ይህን እጠላዋለሁ። ወጣቱ ወደ ከተማ ይጎርፋል፤ ትንንሽ ክለቦች ሰው ሞልተው መሰለፍ ያቅታቸዋል፤ የኮሚቴውን ሥራ በየዓመቱ የሚሸከሙት እነዚያው ሰዎች ናቸው፣ ፊታቸው ላይ ድካሙ ይታያል። በ2019 የገጠሩ አስተዳደር፣ ከ1937 ጀምሮ በገጠሩ ምርጥ ለሆነ ቡድን ክሌይተን ካፕን ይሸልም የነበረው አካል፣ ከሲድኒው ጋር ተዋሐደ። "ሲድኒ ዋጠችን" የሚል ሽማግሌ እዚህ በየካንቲኑ አለ። ኩራታቸው ይገባኛል፤ በ1974 አምኮ ካፕ የሚባለው ውድድር ሲጀመር የዚህ የምዕራቡ አካባቢ ልጆች በፍጻሜው የሲድኒውን ፔንሪት አሸንፈው ዋንጫውን ወስደዋል። በ2022 ደግሞ የግሩፕ 10 እና የግሩፕ 11 ዋና ቡድኖች ፒተር ማክዶናልድ ፕሪሚየርሺፕ በሚል አንድ ውድድር ተጠቃለሉ። ከኒንጋን ባተርስት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ለነዳጁ፣ ለአውቶቡሱ፣ ለሥራ ሰዓቱ ከባድ ክርክር ነበር። ግን ተከራክረው፣ ተኮራርፈው፣ ቅዳሜ ሲደርስ ሜዳው ላይ ይገኛሉ።

ከፕሪሚየርሺፑ በታች ዉድብሪጅ ካፕ የሚባል የትንንሾቹ ውድድር አለ፤ ካርጎ፣ ማኒልድራ፣ ትራንድል፣ ዩጋውራ የሚጫወቱበት። በካርታ ላይ ፈልጓቸው፤ አንዳንዶቹ ከአንድ ቀበሌ ያነሱ መንደሮች ናቸው። በ1960ዎቹ የአውስትራሊያ አምበል የነበረው ኢያን ዋልሽ ለብሔራዊ ቡድን የተመረጠው ከዩጋውራ ሲጫወት ነው። በኖቬምበር 2022 ያችን መንደር ጎርፍ ጠርጎ ወሰዳት፤ ሰው ሞተ፣ ቤቶች ከመሠረታቸው ተነስተው ሄዱ፣ ሰዎች ከጣራ ላይ በሄሊኮፕተር ተነሱ። በዚያ ሰሞን በአካባቢው የእርዳታ ገንዘብ ሲሰበሰብ እኔም ሰጥቻለሁ፤ ስሰጥ ያላቅማማሁት ሒሳቡ እንደሚነበብ አውቄ ስለነበር ነው። ለእኛው ሰው ሐዘን ሲጠየቅ ግን እጄ ኪሴ ውስጥ ያመነታል። ወገኔን ጠልቼ አይደለም፤ ይህን መጻፍ ራሱ ያመኛል።

ኦሬንጅ፣ ባተርስትና ዱቦ ተበታትነን ያለን ሐበሾች አሁን የልጆች የኳስ ቡድን እንፍጠር እያልን ነው። እኔ የምስማማው በዕድር ደንብ ከሆነ ነው፦ ወርሃዊ መዋጮ፣ ለእያንዳንዱ ዶላር ደረሰኝ፣ በየሦስት ወሩ ጮክ ተብሎ የሚነበብ መዝገብ፣ ባንክ ላይ ሁለት ፈራሚ፣ ከሁለት ዓመት በላይ በአንድ ወንበር የማይቀመጥ ሊቀመንበር። ከአባላቱ አንዱ "እንዲህ ከጅምሩ ካልተማመንን ምን ዋጋ አለው?" ብሎኛል። ቅያሜው ገብቶኛል፤ ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም። የምዝገባውን ቅጽ ሞልቼ ይዤዋለሁ፤ ገንዘብ ያዥ ለመሆን ፈቃደኛ የሆነች ነርስ እህት አለች፤ የሚቀሩት ፈራሚዎቹ ናቸው።