እምነቴን ያሳጣኝ ብልሽቱ አይደለም

ስለ ካሜራ ብልሽት የወጣ አንድ ጽሑፍ አንብቤ ነው ይህን የምጽፈው። ጸሐፊው «ማንኛውም ካሜራ ይበላሻል፣ ስለዚህ ብራንድ መቀየር ትርፉ ድካም ነው» ብለዋል። በመጀመሪያው እስማማለሁ፣ በሁለተኛው ግን አይደለም። የእኔ ካሜራ ሹተር (ፎቶ ሲነሳ ተከፍቶ ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ሠርግ እያነሳሁ፣ ሙሽሮቹ ቀለበት ሲለዋወጡ ቀጥ አለ። የተነሳው ፎቶ ገና 40 ሺህ ገደማ ነበር፤ ሲሸጥልኝ ግን ሹተሩ 150 ሺህ ፎቶ ያነሳል ተብሎ ነው የተጻፈበት። (ይህ ቁጥር የሙከራ ግምት እንጂ ዋስትና አለመሆኑን የተረዳሁት ኋላ ነው።) ይሁን፣ ዕቃ ነው። አንጀቴን ያሳረረው የጥገና ክፍሉ መልስ ነው፦ «የአያያዝ ጉድለት ነው» አሉኝ። አስከፍለው ሠሩት፣ በአራት ወሩ ያው ችግር ተመለሰ።

የኒኮን ኩባንያን ዲ600 ካሜራ አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2012 ወጣ፤ ብዙ ተጠቃሚዎች ሴንሰሩ (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚፈጥረው ክፍል) ላይ ነጠብጣብ እየታየ ተቸገሩ። በ2014 ኩባንያው ዋስትናው ያለፈበትን ጭምር በነፃ አጽድቶ ሹተሩን እንደሚቀይር አስታወቀ። ዘግይቷል፣ ግን ኃላፊነቱን ወሰደ። እኔ ያን ያህል እንኳ አላገኘሁም።

ሌንሶቼን ሸጬ ወደ ሌላ ብራንድ መሄድ እንደሚያከስረኝ አውቃለሁ። ግን ቁልፉን በተጫንኩ ቁጥር «አሁንም ይቆምብኝ ይሆን?» እያልኩ የሰው ሠርግ ማንሳት አልችልም።